ያቭኔ ጣቢያ ላይ ያቆምኩት ስሌት

ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ እንኳ። የምታነቡት ደግሞ "አይዞሽ" እንዳትሉኝ፤ አይዞሽ አልፈልግም።

አስማረ ይባላል። እሱ የገዴራ ልጅ ነው፣ እኔ የኪርያት ማላኪ። አብረን ምህንድስና ስንማር እናቶቻችን ተገናኝተው ዘር ቆጠሩ፤ አምስተኛው ቤት ላይ ገጠምን። "ሰባት ካልሞላ ጋብቻ የለም፣ ወንድምሽ ነው" ተባልኩ። በዕብራይስጡ ቤሰደር፣ እሺ፣ ወንድሜ ሆነ። ወንድም ምን ይደብቃል? ቀን ቀን ቤኤር ቱቪያ ያለ መጋዘን ስለሚሠራ፣ የመመረቂያ ስሌቱን በሱ ፈንታ እንዳስገባለት ብሎ የዩኒቨርሲቲውን ክላስተር የይለፍ ቃል ሰጠኝ።

ክላስተር ማለት ባንድ ላይ የሚያሰሉ ብዙ ኮምፒውተሮች ናቸው። ብረት ሲጫን የት እንደሚሰነጠቅ የሚያሰላው ሶፍትዌር ግን ለተማሪ አንድ ፈቃድ ብቻ ነበረው። አንዱ ሲያሰላ ሌላው ተራ ይጠብቃል። የአስማረ ስሌት ሦስት ቀን ሄዶ አንድ ቀን ቀርቶታል። የኔ ሁለት ቀን ይፈልጋል፣ ገና አልጀመረም። ማስረከቢያው ለሁለታችንም ሐሙስ፤ ያላስረከበ አንድ ዓመት ይጨምራል።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ያቭኔ ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ ላፕቶፔን ከፈትኩ። በሱ ስም ገባሁ። ስሌቱን አቆምኩት። እኔ። ወዲያው የኔን አስጀመርኩ። ምንም አልመሰለኝም። እንዲያውም ባቡሩ ዘገየ ብዬ ነበር የተናደድኩት።

ደወልኩለት። "አስማረ፣ ክላስተሩ ተበላሽቶ ቆመ። ያንተ ጠፍቷል።"

የመጋዘኑ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ከኋላው ይጮሃል። "ያንቺስ?"

"የኔ... ጀምሯል።"

"ተመስገን! እንኳን ያንቺ ተረፈ፣ እህቴ። እኔማ ካርቶን መሸከም ለምጄዋለሁ፣ አንድ ዓመት ብጨምር አልሞትም።" ሳቀ እኮ!

እኔ በማዕረግ ተመረቅሁ። እናቱ መጥተው እልል አሉልኝ። እኔም ጨፈርኩ። እሱ ዛሬም መጋዘን ነው፣ ያን የተጨመረበትን ዓመት እየገፋ።

ሰበብ ሞልቶኛል። "ለኛ ለሐበሻ ልጅ ሁለተኛ ዕድል አይሰጡም" እላለሁ፤ እውነት ነው። እሱስ የኛ ልጅ አይደለም? ፈቃዱ አንድ መሆኑ የኔ ጥፋት አይደለም። ያቆምኩት ግን እኔ ነኝ። ውሸቱንም ያወራሁት እኔ ነኝ።

እናቴ ብትሰማ ሽማግሌ እንላክ ትላለች። አውቃለሁ፤ ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፣ ሽማግሎቹ "ተው ልጄ" ይሉታል፣ እሱ ደግሞ እነሱ ፊት እምቢ ማለት ያፍራል። ይቅርታ እንዲህ ይገኛል? ከፈለጋችሁ ትዕቢተኛ በሉኝ፣ ሽማግሌ አልልክም! አንድ ዓመቱን ቀምቼዋለሁ፤ እምቢታውን አልቀማውም።

ያላ፣ በቃ፣ ነገ ብቻዬን ገዴራ እሄዳለሁ። ሁሉንም እነግረዋለሁ። በሩን ቢዘጋብኝ ሁለተኛ አላንኳኳም።