እዚያ አያት ያላት ልጅ

ሮም ውስጥ በቴቬሬ ወንዝ ዳር ባለው በጥንቱ የአይሁድ ሰፈር ሳልፍ፣ ካርቾፊ የሚሉት አትክልት በዘይት ሲጠበስ የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ፣ አባዬ ዛሬም ከሥራ ገብቶ ጃኬቱን ከበሩ ኋላ ሲሰቅል ይታየኛል። እዚያ ሰፈር በአንድ ምግብ ቤት ካርቾፊ ሲልጥና ሲጠብስ ይውል ነበር፤ እማዬ ደግሞ አንዲት የታመሙ አሮጊት ትጦር ነበር። አባዬ የጎንደር ቤተ እስራኤል፣ እማዬ የአዲስ አበባ ኦርቶዶክስ ስለሆኑ፣ ኤስኲሊኖ በሚባለው ሰፈር በነበረው ቤታችን ቅዳሜም እሑድም ይከበር ነበርና የቤት ሥራዬን ዓርብ ካልጨረስኩ ጉዴ ይፈላ ነበር።

አያቴ፣ የአባዬ እናት፣ ሌሎቹን ልጆቻቸውን ይዘው እስራኤል ሲገቡ፣ እሱ በሱዳን በኩል ወጥቶ ሮም ቀርቷል። እሳቸውን በሽታ አልጋ ላይ ጥሏቸው፣ እሱንም ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ከጣሊያን አላስወጣው ብሎ፣ ሳይተያዩ ዓመታት በስልክ አለፉ። አያቴ በደወሉ ቁጥር «ቁመትሽ የት ደረሰ?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም «አባዬ ደረት ላይ፣ እማማ» እላቸው ነበር።

በመከር ወራት የምግብ ቤቱ ባለቤት አባዬን መክሮት፣ የአይሁድ ልጆች እሑድ እሑድ ስለ ቅርሳቸውና ስለ እስራኤል በሚማሩበት ፕሮግራም ገባሁ። መምህራችን ያኤል ለዚሁ ሥራ ከእስራኤል የመጣች ወጣት ነበረች፤ ዘፈንና ዕብራይስጥ እያስተማረች፣ «እስራኤል የሁላችሁም ቤት ናት፣ በሐምሌ አብረን እንሄዳለን» ትለን ነበር። ከልጆቹ መካከል እዚያ አያት ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጉዞው ለእኔ ሽርሽር አልነበረም፤ የትኬቱም የወረቀቱም ነገር ከአቅማችን በላይ ስለነበር ያለዚያ ፕሮግራም መሄጃ አልነበረኝም።

ኅዳር ላይ የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ ሲደርስ አባዬን ጋበዙት፤ ነጠላውን ለብሶ፣ አባቶቹ እየጾሙ ድንጋይ ተሸክመው ተራራ ይወጡ እንደነበር፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ሲያነቡም ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ይሰግዱ እንደነበር ነገራቸው። ወላጆቹ አጨበጨቡ፣ ከጎኑ አቁመው ፎቶ አነሱን። ፎቶው ትልቅ ሆኖ የምንማርበት አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለ፣ ከሥሩም «አንድ ቤተሰብ ነን» የሚል ተጻፈበት፤ እኔ ፎቶው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት።

ብርዱ ሲገባ እኔ ዕብራይስጤን ሳጠና፣ እማዬም አይታቸው ለማታውቃቸው አማቷ ሹራብ ስትሠራ ከረምን። እጅጌው አልሆን ብሏት ሁለቴ ፈታችው።

በጸደይ፣ የአይሁድ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ያኤል ቤታችን መጣች፤ ያቀረብንላትን ሻይ ሳትነካ፣ «ትርንጎ ምርጥ ተማሪዬ ናት፤ ግን ለጉዞው የሚመረጡት እናታቸው አይሁዳዊት የሆነች ልጆች ናቸው አሉኝ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አለች።

እማዬ ሹራቡን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና «አሎራ፣ እንግዲያው እንቅፋቷ እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለች።

«ትርንጎ ተምራ በሥርዓቱ ወደ ሃይማኖቱ መግባት ትችላለች። ጥቂት ዓመታት ይወስዳል እንጂ...»

«እናቴስ እስከዚያ ትቆያለች?» አላት አባዬ።

ያኤል አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ እንባዋ የእውነት ነበር፤ እኔን ግን የትም አላደረሰኝም። አባዬ በማግስቱ ኃላፊዎቹ ዘንድ ሄዶ ቢለምን ቢለምን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት። ፎቷችን ግን አልወረደም።

በሐምሌ ጓደኞቼ ሄዱ፣ ፀሐይ አጥቁሯቸው፣ «ቤታችንን አየን» እያሉ ተመለሱ። ቀናሁባቸው፤ ጠላኋቸውም። ሹራቡን በፖስታ ላክነው። አያቴ ደርሷቸው ሲደውሉ ስልኩን ያነሳችው እማዬ ነበረች፤ «ልጅቷስ መቼ ነው የምትመጣልኝ?» ሲሏት ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ወጥ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጠራ አታነሳም ነበር፤ አንድም ነገር ያላጠፋችው እናቴ አማቷን አፈረቻቸው። ደንቡን ላወጡት ሰዎች እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩት ይህንን ነው። ብርዱ ተመልሶ ሲገባ አያቴ አረፉ፤ አባዬ የተቀበሩበትን ቦታ ወንድሙ በላከለት ፎቶ አየው።

አሁን የጣሊያን ፓስፖርት አለኝ። ትኬት ቆርጬ ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ በፈለግኩት ሳምንት መብረር እችላለሁ፤ ቱሪስትን እናትሽ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም። አጎቴ በየዓመቱ ነይ ይለኛል፣ እኔም እሺ እያልኩ እቀራለሁ። ያኔ ልሄድ የነበረው ቱሪስት ሆኜ አልነበረም፤ የልጅ ልጅ ሆኜ ነበር።