የጉተማ ልክ

ወንድሜ ወጥቶ ከቀረ ወዲህ እሁድን የማሳልፈው አዳማን ብቻዬን በእግር ስዞር ነው። ዛሬ ፍራንኮ አካባቢ ለስደተኞች መርጃ የሚደረግ የእግር ጉዞ ቲሸርት ይሸጣል። ሻጯ አንዱን ዘርግታ ስታሳየኝ የአዲስ ቀለሙ ሽታ ያደግሁባት የቡልቡላ ከተማ፣ ልጅነቴ ውስጥ ጣለኝ።

ያኔም ለስደተኞች ተብሎ ከትምህርት ቤታችን እስከ ድልድዩ ተጉዘን ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ አብረውኝ ናቸው። ሰው ሁሉ ቲሸርቱን ለብሷል፤ እሳቸው ግን እንዳጣጠፉት ብብታቸው ሥር ይዘውታል።

“እትዬ፣ ለምን አይለብሱትም?”

“የጉተማ ልክ ነው” አሉኝ።

ጉተማ ልጃቸው ነው። ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ በሞያሌ በኩል ከሄደ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ውሃ ታደለ፤ ጉዞው እዚህ ያበቃል ተባለና ተጨበጨበ። ለማን እንደተጨበጨበ እስካሁን አይገባኝም። እትዬ ጫልቱ አልቆሙም። የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ነፋስ ነጠላቸውን እያራገበው የአስፋልቱን ዳር ይዘው ወደ ሻሸመኔ አቅጣጫ ቀጠሉ። ሮጬ እጃቸውን ያዝኩ።

“እትዬ፣ አልቋል እኮ!”

“የኔ ልጅ እዚህ አልቆመም” አሉኝ ቀስ ብለው።

ብዙ ከሄድን በኋላ ራሳቸው ዞሩ። ቤት እስክንደርስ እጄን አልለቀቁም።

“እህቴ፣ ልክሽ የትኛው ነው?” ሻጯ ለካ ደጋግማ ስትጠይቀኝ ኖሯል።

“ትልቁን ስጪኝ” አልኳት። ወንድሜ ረጅም ነው።