ዊኒ በየመስኮቱ

አማቴ ዊኒ ታክሲ አይወዱም። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸው እንኳ «እግር የተሰጠን ለምን ሆነና?» ይላሉ። ስለዚህ ከዊኒ የወደብ ከተማ ከግሪምስቢ በመጣው ባቡር ሊንከን ከተማ ደርሰን፣ ጣቢያው በር ላይ የተደረደሩትን ታክሲዎች በዓይናችን ተሰናብተን አለፍናቸው። ማደሪያችን ዳገቱ አናት ላይ፣ ካቴድራሉ አጠገብ ነው። የከተማው ሰዎች ዳገቱን «ቀጥ ያለ ዳገት» ብለው ሰይመውታል። ስም ለማውጣት አልደከሙም፤ ድካሙን ለሚወጣው ሰው ትተውለታል።

ሦስት ነን፤ እሳቸው፣ ልጃቸው ግራሃም፣ እና እኔ የግራሃም ሚስት ሎሬይን። ለሽርሽር ነው የተባለው። የምን ሽርሽር! በየካቲት አንዲት ጎረቤት ዊኒን ቤታቸው ደረጃ መሀል ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። «ጫማዬን እያሰርኩ ነው» አሏት። ያደረጉት ግን ማሰሪያ የሌለው የቤት ጫማ ነበርና ሴትዮዋ ቀጥታ ለግራሃም ደወለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ባሌ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። የእናቱ መኝታ ቤት ፎቅ ላይ ነው፣ መታጠቢያውም ፎቅ ላይ፤ ደረጃው ደግሞ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሳህን እያጠብን፣ «ዳገቱ ላይ እናያታለን» አለኝ። «ሳትቆም ከወጣች አፌን እዘጋለሁ። ካቃታት ግን ቤቱ ይሸጥና ለአረጋውያን የተሠራ አፓርታማ ትገባለች።»

«ታዲያ ለራሳቸው ለምን አትነግራቸውም?»

«ምን ብዬ?»

ይኸው ነው የእኛ ቤት ነገር። ሞት ራሱ በር ቢያንኳኳ መጀመሪያ ሻይ እናፈላለን፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን፣ ከዚያ በኋላ ነው ለምን እንደመጣ የምንጠይቀው።

ዊኒ ግን ሞኝ አይደሉም። አርባ ዓመት ወደቡ ላይ ቆመው በቢላ የዓሣ አጥንት ሲያወጡ የኖሩ ሴት ናቸው። በዚያች ቢላ ግራሃምን ብቻቸውን አሳድገዋል፣ ቤቱንም ገዝተዋል። ባቡር ውስጥ የእንቁላል ሳንድዊቹን ሲያድሉን ግራሃም እጃቸውን ትክ ብሎ ሲያይ ነቁበት።

«ምን ታፈጣለህ? እንቁላሉ አነሰህ?» አሉት።

ዳገቱን ስንጀምር ያካፋ ነበር። ግራሃም ሁለቱን ሻንጣ በድንጋይ ንጣፉ ላይ እያንገጫገጨ ከኋላ ይከተላል፤ ዓይኑ ከእናቱ ጀርባ አልተነቀለም። ብዙም ሳንሄድ ዊኒ አንድ ሱቅ መስኮት ፊት ቀጥ አሉ።

«ቆዩ እስቲ፣ ይችን ባርኔጣ ልያት።»

አየናት። ትንሽ ሄድንና ደግሞ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ጋ ቆሙ። ዊኒ መጽሐፍ ሲገልጡ ያየ ሰው የለም። እሺ ይሁን፣ የዕረፍት ቀን ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ያለው ሱቅ መስኮት ውስጥ በመስታወት ሳጥን የተቀመጠ፣ ደርቆ የተሞላ ትልቅ ዓሣ ነበር።

«እንዴት ያምራል!» አሉ ዊኒ።

ይሄኔ ነው የነቃሁት። ከሥራ ከወጡ ወዲህ ዓሣ በደጃቸው አላለፈም። መስታወቱ ውስጥ ፊታቸውን አየሁት፤ አፋቸው ተከፍቷል፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ዓሣውንስ ማን አየው፣ ዓይናቸው ተጨፍኗል። አንጀቴን በሉት።

«እኔ ደክሞኛል፣ ትንሽ እንረፍ» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ጉልበቴም ደክሟል፤ ከጉልበቴ በላይ ግን ይሄ ተደብቆ መተያየት አድክሞኛል።

«አንቺ ልጅ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመትሽ?» አሉኝና ቀድመውኝ ሄዱ።

ዳገቱ በጣም የሚከፋበት ቦታ የብረት መደገፊያ አለ። ግራሃም «ያዢው እማዬ» አላቸው። «እሱ ለአሮጊቶች ነው» ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ከዚያ በኋላ ሱቁ አለቀ። በግራም በቀኝም የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ሆነ። ዊኒ እርምጃቸው አጠረ፤ ወዲያ ወዲህ ሲያማትሩ አየሁ፤ በመጨረሻ አንድ መስኮት አገኙና ደፉን ይዘው ቆሙ። ከጎናቸው ስደርስ ክው አልኩ። ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ቢሮ ነው። መሀል ላይ የተለጠፈው የአፓርታማ ፎቶ ሥር «ለአረጋውያን፣ ደረጃ የሌለው» ይላል።

ግራሃም ሻንጣዎቹን ጥሎ መጣ። ፊቱ በራ።

«እማዬ፣ ይሄን እያየሽ ነው? እኔ እኮ ምንም አላልኩም። አሪፍ ነው አይደል? ነገ ገብተን እንጠይቅ?»

ዊኒ እጃቸውን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አነሱ። አዎ ቢሉ ቤታቸው ሄደ። ትንፋሽ አጥሮኝ ነው የቆምኩት ቢሉም ቤታቸው ሄደ። እኔም ብናገር ይብስባቸዋል።

ዞሩና የቢሮው በር ደረጃ ላይ ተቀመጡ። «ግራሃም፣ ና ቁጭ በል።»

«ድንጋዩ እርጥብ ነው እማዬ።»

«ሱሪህ ይደርቃል።»

ተቀመጠ።

«ቤት እያየሁ አይደለም» አሉት። «ባርኔጣውንም አላየሁም። ያንን ዓሣማ በሕልሜም አያሳየኝ። ትንፋሼ አልቆ ነው። ከታች ጀምሮ ሲያልቅብኝ ነው የመጣው።»

«እኔም እኮ ይሄንኑ ነው—»

«አልጨረስኩም። ያልቅብኛል፣ እቆማለሁ፤ ሲመለስልኝ እወጣለሁ። አሁን የት ነኝ?»

ግራሃም ቀና ብሎ አየ። የካቴድራሉ ማማዎች እላያችን ላይ ናቸው። «ደርሰሻል ማለት ይቻላል» አለ።

«ታዲያ ማን አጣደፈኝ?»

«እዚህ እሺ፣ እኛ አለን። እቤትሽ ደረጃ ላይ ግን ብቻሽን ነሽ» አለ ግራሃም።

«እዚያም እንዲሁ ነው የምወጣው። ደረጃው መሀል መስኮት አለ፣ ረሳኸው? ጎረቤቴ ያገኘችኝ እሱ ጋ ነው።»

«ምን ታያለሽ በሱ?»

«መንገዱን። መኪናህ ስትመጣ ካየሁ ወርጄ በር እከፍታለሁ። ካላየሁ ወደ ላይ እወጣለሁ።» እርጥብ ቀሚሳቸውን በእጃቸው ዳበሱት። «አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ነው የምወጣው።»

ግራሃም አንገቱን ደፋ። እኔ ወደ ዳገቱ ግርጌ ዞርኩ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

«እሑድ እሑድ እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ።

ክንዱን ይዘው ተነሱ። «እስቲ በመስኮቱ እናያለን» አሉት።