ለመቀናጆ ጀልባ ፕሮፔለር ፍለጋ

ሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ፍኖተ ሰላም

ሻንጣዬን ወደ ደጅ ላወጣ ስታገል እናቴ በእጇ መዘን አደረገችውና «ድንጋይ ነው የሞላሽው?» አለችኝ። ድንጋይስ አይደለም፤ ፕሮፔለር ነው፣ የጀልባ ሞተር ከውኃ በታች የሚያሽከረክረው ክንፍ። ሁለት ይዣለሁ፣ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ያስላክኋቸው። አንዱ አዲስ ባለ ሦስት ክንፍ ነው፣ ፊት የሚያሳይ። ሌላው አሮጌ ባለ አራት ክንፍ ነው፣ አንድ ጠርዙ የተሸረፈ።

ለማታውቁኝ አንባቢዎቼ፣ ባሕር ዳር ጣና ዳር የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ። «ሴት ልጅ ደግሞ የምን ሞተር!» ያሉኝ ወንዶች ሁሉ ሞተራቸው ሐይቁ መሐል ጸጥ ያለባቸው ዕለት ስልኬን በቃላቸው አውቀውታል። ለእረፍት እናቴ ዘንድ በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ከአባይ ዳር አጎቴ ጥላሁን ደወለ።

«ብርቱካን፣ ሞተሬ እየሞተ ነው። እስከ እሑድ መላ ካላበጀሽለት ነቅዬ ቡሬ ላይ እሸጠዋለሁ። አበጀ ባዶ ጀልባውን ታቅፎ ይቅር።»

አያ አበጀ የአጎቴ መቀናጆ ነው። ገጠር የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ መቀናጆ ማለት እንዲህ ነው፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፣ እንደሱው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር አጣምሮ ያርሳል። ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታረሳል፣ ነገ የሌላው። አጎቴና አበጀ ይህንኑ ልማድ ወደ ውኃ አወረዱት። ጀልባው የአበጀ፣ ሞተሩ የአጎቴ። አንድ ቀን አጎቴ ያሻግርበታል፣ በማግስቱ አበጀ። በዚያ ላይ አበልጆች ናቸው፤ የአጎቴን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሣው አበጀ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ቃል አይለዋወጡም። ሞተሩ እያቃሰተ መጎተት ሲያቅተው አጎቴ «ጀልባው ውኃ ጠጥቶ ከብዷል» ይላል፣ አበጀ «ሞተሩ አርጅቷል» ይላል።

ስልኩን ሳልዘጋ «ምንድን ነው የምትጭኑት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሰው ነዋ! የገበያ ሰው ነው እንጂ።»

በቃ፣ መልሱ በእጄ ነው። ለሰው፣ ቀለል ላለ ጭነት፣ ባለ ሦስት ክንፉ ይበቃል። አሮጌውን የያዝሁት አጎቴን ልዩነቱን ላሳየው ብዬ ብቻ ነው።

ረፋድ፣ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ

በዋናው መንገድ የፈረስ ጋሪና ባጃጅ መንገድ ይሻማሉ። ጋሪው በቆሎ ጭኗል፣ ባጃጁ ተማሪ ጭኗል፣ ፈረሱ ለሁለቱም ግድ የለውም። ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥሁና ሻንጣው ሁለቱን ይዞ ከወንበሩ ሥር ስለማይገባ አንዱን ፕሮፔለር አውጥቼ ጭኔ ላይ አኖርሁት። አጠገቤ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናት ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«የወፍጮ ነው ልጄ?»

«የለም እማማ፣ የጀልባ ነው።»

«ጀልባ! በማንኩሳ!» ብለው ሳቁ። መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሹፌሩ ግን ነገሩን አልለቅም አለ። «ታዲያ ሁሉም ክንፍ አንድ አይደለም? መዞሩን ከዞረ?» አለኝ።

«አንተ ይህን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ትወጣዋለህ?»

«ሞተሩን ልገድለው?»

«ፕሮፔለርም እንደ ማርሽ ነው። የክንፉ ጠመዝማዛ በጣም ከቆመ፣ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ልሂድ ይላል፤ ጭነት ሲበዛበት ሞተሩ ይታነቃል። ጠመዝማዛው ከተኛ ደግሞ ጉልበት አለው፣ ግን አይፈጥንም፤ ባዶውን ከሮጠ ሞተሩ ያለ ልክ ይጮሃል። ጀልባ ላይ ማርሽ የሚቀየረው ፕሮፔለሩን ፈትቶ ሌላ በማሰር ነው።»

«እንግዲህ ቀድሞ ጭነቱን ማወቅ ነው» አለ ሹፌሩ።

«አውቄዋለሁ» አልሁት። እንዴት እርግጠኛ እንደነበርሁ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ማንኩሳን ስናልፍ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቷል፣ መንገዱ ያስነጥሳል። ከማሳው ዳር ጥንድ በሬ ሳይ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴም ባለ አንድ በሬ ነበር። ቀንበሩ እኛ ቤት ያድራል፣ ሞፈሩ መቀናጆው ቤት። አንድ ላይ ቢቀመጡ ምን ነበረበት እያልሁ ልጅ ሆኜ እጨቀጭቀው ነበር። «አንቺ ዝም ብለሽ ቀንበሩን አቀብዪኝ» ይለኝ ነበር።

ቀትር፣ ቡሬ፤ ከዚያ ቁልቁል

ቡሬ መገናኛ ላይ ረዳቱ ሁሉ ወደየመንገዱ ይጣራል፤ ባሕር ዳር! ማርቆስ! ነቀምት! የእህል መጋዘኖቹ ደጅ ጆንያ እንደ ግድግዳ ተደርድሯል። ሽሮዬን በልቼ ወደ ነቀምት በሚወርድ አይሱዙ ጋቢና ተሳፈርሁ። ከደጋው ለቀን ስንወርድ መጀመሪያ ነጠላዬን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሹራቤን፤ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ሹፌሩ ከድልድዩ ሳይደርስ መንገዱ ዳር አወረደኝና በአህያ መንገድ ወደ ወንዙ ወረድሁ። ከድልድዩ ወዲህ ላለ መንደር ድልድዩ ሩቅ ነው፤ ለዚህ ነው ጀልባው እንደ ነፍስ የሚታየው።

አጎቴ ማንጎ ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። ሳይስመኝ ሞተሩን አሳየኝ። የታሰረውን ፕሮፔለር ሳይ እጄን ራሴ ላይ ጫንሁ። ለዚህች ትንሽ ሞተር ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ሰፊ፣ ጠመዝማዛው ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ!

«ማነው የመረጠው?»

«ሁለታችን ነን። አሮጌው ድንጋይ ላይ ሲሰበር ከነጋዴ ገዛነ። ያኔ እንነጋገር ነበር።»

«በምን መረጣችሁት?»

አጎቴ የክንፉን ጎን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ጎኑ ሞላ ያለ ነው፤ ደግሞም ከበድ ይላል። አበጀም ዳብሶ ወደደው።»

በሬ እንደሚገዙ ነው የገዙት! ጥርሱን ለማየት አፉን ፈልገው ያጡት ይመስለኛል። ሁለት ሰው ዓመት ሊሞላው ለጥቂት የተኮራረፈው በጀልባውም በሞተሩም አልነበረም፤ አንድ ላይ ሆነው በመረጡት ክንፍ ነበር። ይህን ነግሬው «ነገ ይፈታል» አልሁትና ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ የአጎቴ ቀን

ፕሮፔለር መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም። ሞተሩን ከውኃ ቀና ማድረግ፣ የመቆለፊያውን ሽቦ ማውጣት፣ ዳዶውን መፍታት፣ ዘንጉን ግሪስ ቀብቶ አዲሱን መክተት ነው። ባለ ሦስት ክንፉን አሰርሁት። የገበያ ሰው ገባ፣ ዶሮም ገባ፣ ጃንጥላ የያዙ ቄስም ገቡ። ሙሉ ጋዝ ስንሰጠው ሞተሩ ሳይጨነቅ ዙሩን ሞላ፤ የዙር መቁጠሪያዬም ልክ መሆኑን አሳየኝ። የጀልባው አፍንጫ ቀና አለ፣ ውኃው ከኋላችን ነጭ ሆነ።

«ወለላዬ!» አለ አጎቴ። ስሜን እስኪረሳው ተደሰተ። «አየሽ፣ ሞተሬ አላረጀም!»

ያን ቀን ማታ ጠላ ተቀዳልኝ፤ ስለ ጣና ወሬ ሳወራ አመሸሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ረቡዕ፣ የአበጀ ቀን

በማግስቱ ወደ ዳር ስወርድ ጀልባዋ እስከ አንገቷ ውኃ ውስጥ ገብታ አገኘኋት። በቆሎ ነው፣ ጆንያ በጆንያ ላይ። አያ አበጀ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ሰው፣ ከጆንያው ላይ ቁልቁል አየኝ።

«አያ አበጀ፣ አንቱ ሁልጊዜ እህል ነው የሚጭኑ?»

«ታዲያ ምን ልጫን? ሰውማ አጎትሽ ይጭናል።»

ሞተሩን አስነሣ። ባለ ሦስት ክንፉ፣ ትናንት የተወደሰው፣ ጆንያው ሲጫነው ሞተሩን አነቀው፤ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ጭስ ተፋ፣ ጀልባዋ እዚያው ዳር ላይ ተንገታገተች። ወንዙ ወደ ታች ይወስዳት ጀመር። አያ አበጀ በመቅዘፊያ እየታገለ መለሳት። ግንባሩን በክንዱ ጠረገና ዝግ ብሎ ተናገረኝ።

«የአጎትሽን ቀን አሳምረሽለት መጣሽ። የእኔ ቀን ግን ከቀን አይቆጠርም መሰል።»

ያንን ቃል መስማት ከበደኝ። ተናደድሁ፤ በእሱ ሳይሆን በራሴ። የሥራዬ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ትጭናላችሁ?» ነው፣ እኔ ግን የጠየቅሁት አንዱን ባለቤት ብቻ ነው። አጎቴም አልዋሸኝም። በመቀናጆ ወግ በሌላው ቀን አይኑን አይጥልም፤ ለሱ ጀልባው በየሁለት ቀኑ ብቻ ነው ያለው።

«አያ አበጀ፣ ጆንያውን አያውርዱ። ይታገሡኝ» አልሁና ወደ ሻንጣዬ ሮጥሁ። አሮጌው ባለ አራት ክንፍ ጠመዝማዛው የተኛ ነው፣ ለከባድ ጭነት የሚሆን። የባለ አራት ክንፉን የተሸረፈ ጠርዝ በሞረድ አስተካከልሁት፣ ሌሎቹንም ከሱ ጋር እኩል እስኪሆኑ ሞረድሁ፤ አንዱ ክንፍ ከቀለለ ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል። ባለ ሦስቱን ፈትቼ እሱን አሰርሁት። አያ አበጀ ጋዝ ሰጠ። ሞተሩ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ ድምፁ ጠራ፣ ጀልባዋ ቀስ ብላ፣ ሳትወላውል፣ ያን ሁሉ በቆሎ ይዛ ወንዙን ቀጥ ብላ አቋረጠች። እኔ ዳር ቆሜ አጨበጨብሁ፤ ሰው ሳቀብኝ፣ ግድ አልነበረኝም።

ተመልሶ ሲመጣ «ይሄ የእርሻ በሬ ነው» አለኝ። ከዚያ የበለጠ ምስጋና ከአያ አበጀ አይጠበቅም አሉኝ።

ረቡዕ ማምሻ፣ ማንጎው ሥር

ሁለቱን አንድ ማንጎ ሥር አስቀመጥኋቸው። የአበጀ ሚስት እታለም እናኑም መጣች። ሁለቱ ወንዶች ክንድ ለክንድ ሊነካኩ ትንሽ ቀርቷቸው የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው።

«ብርቱካን፣ በይ ንገሪው፤ ያ ባለ አራት ክንፍ ነገ በእኔ ቀን ይንቀራፈፋል» አለ አጎቴ።

«ብርቱካን፣ ንገሪው፤ የሱ ባለ ሦስት ክንፍ እህሌን አባይ ሊያስበላው ነበር» አለ አያ አበጀ።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልኋቸው። «ለዚህ ጀልባ አንድ ትክክለኛ ፕሮፔለር የለም። ሁለት ነው ያለው። ባለ ቀኑ ጠዋት ጠዋት የራሱን ይሰር።»

«እሺ፤ ሞተሩ የእኔ ስለሆነ ሁለቱም እኔ ቤት ይቀመጡ» አለ አጎቴ።

«ጀልባው የማን ሆነና?» አለ አያ አበጀ ሰማይ ሰማይ እያየ።

ያን ጊዜ የአባቴ ቀንበር ትዝ አለኝ። አባቴ ምን ማድረጉ እንደነበር ከስንት ዘመን በኋላ ማንጎ ሥር ገባኝ። ቀንበር ብቻውን አያርስም፣ ሞፈርም ብቻውን፤ ጠዋት ጠዋት አንዱ ወደ ሌላው ደጅ መሄዱ ግድ ነበር።

«የአጎቴ ባለ ሦስት ክንፍ አያ አበጀ ቤት ይደር። የአያ አበጀ ባለ አራት ክንፍ አጎቴ ቤት ይደር። ቀኑ ሲደርስ እየሄዳችሁ ተቀበሉ» አልሁ።

አጎቴ ብድግ አለ። «እኔ የሱን ደጅ? አልረግጥም!»

«እንግዲያው ሞተሩን ይንቀሉ። አሁኑኑ!» ብዬ የዳዶ መፍቻዬን እጁ ላይ አኖርሁለት። አጎቴን እንዲህ ተናግሬው አላውቅም።

እታለም እናኑ ብቻ «ደጁንስ ማን ዘጋብህ ጥላሁን?» አለች።

አጎቴ መፍቻውን እንደያዘ ሄደ። እኔም ባለ ሦስት ክንፉን ለእታለም እናኑ ሰጠሁና ልቤ ከብዶኝ ገባሁ።

ሐሙስ ጠዋት፣ መመለሻ

ስነቃ የአጎቴ መደብ ባዶ ነው። መፍቻውም የለም። ሞተሩን ሊነቅል ነው ብዬ ጫማዬን እንኳ ሳላስር ወደ ዳር ሮጥሁ። ሞተሩ በቦታው አለ። ቀና ብሏል፣ ዘንጉ ግን ባዶውን ነው፤ ባለ አራት ክንፉ ተፈትቷል። ጀልባዋን የከበቡት ተሻጋሪዎች «ጥላሁን የት ሄደ?» ይሉኛል። 

ወደ ቤት ተመለስሁ። ስወጣ ሳላየው ያለፍሁት ባለ አራት ክንፍ ከአጎቴ በር ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር፣ ጭቃው ታጥቦ፣ በንጹሕ ጆንያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለነገ ባለ ቀን።

ያን ጊዜ የት እንዳለ አወቅሁ። ወደ አያ አበጀ ቤት እየሮጥሁ ስደርስ ከአጥሩ ውስጥ የሁለት ወንዶች ድምፅ ሰማሁ፣ በመሐላቸው የሚያስተላልፍ ሰው ሳይኖር። ገባሁ። አጎቴ መደብ ላይ ተቀምጧል፣ ባለ ሦስት ክንፉ ጉልበቱ ላይ፣ ከፊቱ በቅቤና በበርበሬ የራሰ ቂጣ። እታለም እናኑ እኔን ስታይ ጠቀሰችኝና ቦታ ለቀቀችልኝ።

ከዳር «ኧረ ጥላሁን! ፀሐይ ወጣ እኮ!» የሚል ጩኸት መጣ። ከላይ ከመንገዱ ደግሞ ወደ ቡሬ ሊመልሰኝ የተቀጣጠርነው አይሱዙ ጥሩምባውን ነፋ። አጎቴ ሊነሣ ሲል አያ አበጀ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠውና ወደ ደጁ ብቅ ብሎ ተጣራ።

«ጠብቁ! አበልጄ ገና አልጠገበም!»

እኔም የትናንቱ ግሪስ ያልለቀቀውን እጄን ታጥቤ ቂጣው ዘንድ ቀረብሁ።