ሞተሩ ያንቀጠቀጠው ብርጭቆ

የእህቴ ልጅ ታምራት ባለፈው ሳምንት የድሮ መልክ ያለው አዲስ ሞተር ገዝቶ መጣ። ክብ መብራት፣ የሚያብለጨልጭ የቤንዚን ታንከር፣ ጠፍጣፋ ረጅም መቀመጫ። «ጋሼ፣ መልኩ ነው እንጂ የድሮ፣ ንዝረት የሚባል አያውቅም» እያለ እስከ ኦቶና ሆስፒታል ወስዶ መለሰኝ። እውነቱን ነው፤ ሶፋ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነበር። ሆኖም ባለቤቴ አስቴር ያቀረበችልኝን ሻይ ሳነሳ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ተንቀጫቀጨ። እኔና እሷ ተያየንና ሳቃችን አመለጠን። ታምራት ግራ ገባው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ፣ እዚሁ ወላይታ ሶዶ ሳይንስ የማስተምር ጎረምሳ ነበርኩ። አስቴርም እዚያው ታስተምር ነበር፤ ቤተሰቦቿ ግን የሚኖሩት ገሱባ ከተማ ነው። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ጋሽ ዳልኬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩና፣ «ልጁን በዓይኔ ሳላየው ቃል አልሰጥም» አሉ። አንድ ቅዳሜ የባልደረባዬን አሮጌ ሞተር ተውሼ ወጣሁ።

ጊዜው መስከረም ነው። የእሸት በቆሎ ጥብስ ሽታ ከየደጃፉ ይመጣል፤ መንገዱ ግን ገና ከክረምቱ አላገገመም። እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። የዚያ ሞተር ሲሊንደር አንድ ብቻ ነው። ፒስተኑ ሽቅብ ቁልቁል ሲመላለስ የሚያመጣጥነው ነገር ስለሌለ፣ መንቀጥቀጡ በብረቱ አልፎ ወደ መሪው፣ ወደ እግር ማሳረፊያውና ወደ መቀመጫው ይሄዳል። ፍጥነት ስጨምር ከኋላዬ በመስታወቱ የማየው አንድ በሬ ሁለት ይሆናል። ገሱባ ስደርስ ጣቶቼ የእኔ አልነበሩም።

እነ አስቴር ቤት ጎደሬ በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ቀረበልኝ፤ እሱን እንደምንም ተወጣሁት። ሻዩ ሲመጣ ግን ብርጭቆው እጄ ላይ ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ ግማሹ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። 

ጋሽ ዳልኬ እጄን ትክ ብለው አዩና፣ «መምህር፣ ጠዋት ጠዋት ነው ወይስ ማታ ማታ?» አሉኝ።

«ምኑ ጋሼ?»

«የምትጠጣው።»

አረቄ ደጃፉን በማያልፍበት ቤት ይህ ጥያቄ ሠርግ ያስቀራል። ደንግጬ ስለ ፒስተን ማስረዳት ጀመርኩ።

«እኔ የጠየቅሁህ ስለ እጅህ ነው!»

«መጨረሻው እኮ እጄ ላይ ነው፣ ጋሼ!»

ለእረፍት ቀኑ ቤተሰቦቿ ጋ የመጣችው አስቴር ቴርሞሷን እንደያዘች፣ «አባዬ፣ ለምን ሞተሩ ላይ ወጥተህ አታየውም?» አለች።

ጋሽ ዳልኬ ኮታቸውን ቆልፈው ከኋላዬ ተፈናጠጡ። ለማንኛውም ብዬ ረጅሙንና ኮረኮንቹን መንገድ መረጥኩ። የኋላውን ብረት ጨምድደው፣ «ቀ-ቀ-ቀስ በል!» ይሉኝ ነበር።

ተመልሰን ሻይ ተሰጣቸው። ብርጭቆው ጮኸ። እጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ጌታ ይቅር ይበለኝ! እኔም ሰካራም ሆኜልሃለሁ! ልጄን እሰጥሃለሁ፤ በዚህ ላይ ጭነህ ግን አትወስዳትም!» አስቴር ሻይ ደገመችልኝ፤ ብርጭቆውን የሞላችው ግን ግማሽ ድረስ ብቻ ነበር።

ታምራት ይህን ሲሰማ ቅር አለው። «ታዲያ የኔ ሞተር ምን አደረገ?»

«ያንተማ ምንም አላደረገም። ይሄኛው መንቀጥቀጥ የዕድሜ ነው» አልኩት።

ለሞተሩ ደስ አለው። አስቴር ቴርሞሱን አንስታ ቀዳችልኝ፤ እንደዚያን ቀን ግማሽ ላይ አቆመች።