አንድ ሜትር ከስድሳ

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ልጄ ትዕግሥት ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለችና «አባዬ፣ የእርስዎ ባቡር መጣልዎት» አለችኝ። አየሁት። የቪዲዮው ቦታ አየርላንድ ነው፤ እንደ መጋዘን ባለ ሰፊ ቤት ውስጥ ሦስት ሽበታም ሰዎች አንድ አሮጌ የመንገደኛ ፉርጎ ይጠግናሉ። አንደኛው በትንሽ ቢላ የበሩን ቀለም ይፍቃል። ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቡናማ፣ ከዚያም ሥር የደረቀ ደም የመሰለ ቀይ። ፉርጎው አዲስ ሳለ ምን ቀለም እንደነበረው እየፈለገ ነው። ቢላው በሩ ላይ ወደተመታች አንዲት ፊደል የተቀረጸባት ጠፍጣፋ የናስ ሳህን ሲጠጋ ሳላስበው «ተው! እሷን እንዳትነካ!» ብዬ ጮህኩ። ልጆቼ በሳቅ ፈረሱ።

በቤቴ ውስጥ እኔ የምጮኸው ሰው ሲያጠፋ ነው። ልጆቼን ስለ ሥራ፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ እውነት ስመክር ነው የኖርኩት፤ ምክሬ እንደሚያሰለቻቸውም አውቃለሁ። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ እንግሊዝኛን በመዝገበ ቃላት ለብቻዬ እንደተማርኩ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። ለምን እንደተማርኩት፣ ከዚያ በፊትም ምን እንዳጠፋሁ ግን ሙሉውን አልነገርኳቸውም። ሰው ስለ ጥረቱ ሲያወራ ምላሱ ይረዝማል፤ ስለ ጥፋቱ ሲሆን ያጥራል። ዛሬ ሙሉውን እናገራለሁ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። መርካቶ ምን አለሽ ተራ ከጋሼ ሸምሱ ጋር ብረት እሠራ ነበር። ምን አለሽ ተራ ከተማው የጣለው ብረት ሁሉ እንደገና ሥራ የሚያገኝበት ሰፈር ነው። በርሜል ገብቶ ምድጃ ሆኖ ይወጣል፤ የመኪና ሞላ ገብቶ ቢላዋ ሆኖ ይወጣል። ጋሼ ሸምሱ የወሎ ሰው ነው፤ ንግግሩ ጥቂት፣ እጁ ግን የማይችለው ነገር አልነበረም። ሐምሌ ስለነበር ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የመዶሻችን ድምፅ አይሰማም ነበር። ደጁ ጭቃ፣ ውስጡ የተቃጠለ ዘይት ሽታ፣ ከጎን ካለችው ምግብ ቤት ደግሞ የትኩስ ፉል ሽታ፤ እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ አፍንጫዬ እነዚያን ሦስቱን ይፈልጋል።

አንድ ማክሰኞ ጋሼ ሸምሱ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር መምህር ከነበረበት ቤት ትልቅ የብረት ሣጥን ገዝቶ በጋሪ አመጣ። ከፈትነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈና የተሳለ የወረቀት ክምር ነበረበት፤ ከወረቀቱ ሥር ደግሞ ከሣጥኑ ማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ የተጋደመ አንድ ብረት። ብረቱ ከእኔ ቁመት ብዙም አያጥርም። በሁለቱም ጫፍ ወደ ታች የወጡ ጆሮዎች አሉት። መሐሉ ላይ የናስ ሳህን ተመትቶበታል፤ በሳህኑ ላይ በዝገትና በቆሻሻ የተሸፈኑ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀርጸዋል።

ጋሼ ሸምሱ አገላብጦ አየውና «ምን እንደሆነ እስክናውቅ ይቀመጥ» ብሎኝ ለቀትር ሶላት ሄደ።

በእኛ ሙያ ግን የገባ ዕቃ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይሞረዳል፣ ይታሻል፣ ያበራል። ዝገት ያለበት ዕቃ ገዢ ፊት ቢቀርብ ነውሩ የሠራተኛው ነው። እኔ ደግሞ ጋሼ ሸምሱ ሲመለስ «ጎበዝ» እንዲለኝ ፈለግሁ። ወረቀቱን ተሸክሜ እህል በረንዳ ጥግ ቅመም ለሚሸጡት ለእትዬ ዘነበች ለመጠቅለያ ሰጠሁ። ተመልሼ ናሱን መጀመሪያ በሞረድ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ያዝኩት። ፊደላቱ አንድ በአንድ ተፍቀው ጠፉ። ጋሼ ሸምሱ ሲመጣ ናሱ ፊቴን እንደ መስታወት ያሳየኝ ነበር።

ጣቱን በሳህኑ ላይ አሳለፈ። «ሙሌ፣ ፊደሉስ?»

«አጸዳሁት ጋሼ።»

«ወረቀቱስ?»

«ለእትዬ ዘነበች።»

ብረቱን አንሥቶ ደጁ ላይ ከግድግዳው አስደገፈው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንድ የፖሊስ አስር አለቃ በደጃችን ሲያልፍ ብረቱን አየና ቆመ። «ይህ የሐዲድ ስፋት መለኪያ ነው። ለገሀር ጥበቃ ላይ ሳለሁ አውቀዋለሁ። የመንግሥት ንብረት ነው፤ ከየት አመጣችሁት?» ጋሼ ሸምሱ ስለ ሣጥኑ ነገረው። አስር አለቃው ግን ዐይኑ ሳህኑ ላይ ነው። «ታዲያ ምልክቱን ለምን ሞረዳችሁት? በሐቅ የገዛ ሰው የዕቃውን ምልክት ያጠፋል? ማን ነው የሞረደው?»

ሞረዱ ያን ጊዜም በእጄ ነበር። አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሼ ሸምሱ «እኔ ነኝ» አለ። አፌ ተዘጋ። እውነቱን ልናገር፤ ልከፍተውም አልሞከርኩም። አስር አለቃው ብረቱንም ጋሼ ሸምሱንም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይዞ ሄደ። «እስከ አርብ ከየት እንደመጣ ማስረጃ ካልቀረበ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል» ተባልኩ።

ሣጥኑን የሸጠው የቤቱ ዘበኛ ሥራውን ለቆ ወደ አገሩ ሄዷል። ፊደላቱን እኔ አጥፍቻቸዋለሁ። የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነበር። በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትኩ ወደ እህል በረንዳ ሮጥኩ።

«እትዬ፣ ትናንት የሰጠሁዎት ወረቀት!»

«አወይ ልጄ፣ እንዴት ያለ ወረቀት መሰለህ! ወፍራም፣ ቅመም የማያፈስ። ግማሹ በትናንትናው ገበያ አለቀ።»

«የቀረውንስ?»

«ተጠቅልሎ ይኸው ተደርድሯል። ልፍታልህ ነው እንዴ?»

«እኔ እፈታዋለሁ፤ በጋዜጣ መልሼ እጠቀልልልዎታለሁ።»

ቁጭ ብዬ ጥቅሉን ሁሉ ፈታሁ። ጥቁር አዝሙዱ፣ ኮረሪማው፣ በርበሬው፤ አስነጠሰኝ፣ አስለቀሰኝ። እትዬ ዘነበች «ኧረ የሰው በርበሬ በእንባህ አታርጥብ!» እያሉ ይስቁብኛል። አሥራ አንድ ቅጠል ወረቀት ተገኘ። አንዱን ገልጬ ሳይ ማስነጠሴን ረሳሁት።

ፉርጎ ነው የተሳለበት። እንዲህ ያለ ሥዕል አይቼ አላውቅም! በጎኑ በር፣ በር፣ በር፤ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ በር። በጣሪያው ላይ መብራት የሚገባባቸው ቀዳዳዎች፤ በመስኮቱ ሥር መስታወቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የቆዳ ጠፍር። እያንዳንዱ ብሎን ሳይቀር ተሥሏል። ብረት የሚሠራ ሰው የሠራተኛን እጅ ያውቃል፤ ይህን የሳለው ሰው ፉርጎውን ይወደው ነበር። በሌላው ገጽ ላይ ፉርጎው ከፊት ለፊት ተሥሎ ከብረት ጎማዎቹ ሥር ከአንዱ ጎማ እስከ ሌላው የተዘረጋ ቀስት አለ። በቀስቱ ላይ አምስት ቁጥርና አንድ ጭረት፣ ሦስት ቁጥርና ሁለት ጭረት። ከገጹ ራስ ላይ ፊደል እየቆጠርኩ አንድ ቃል አነበብኩ፤ ደብሊን።

ጭረቱ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም። የቁጥር ነገር ከሆነ ልብስ ሰፊ ያውቃል ብዬ ሸማ ተራ አቶ ወርቁ ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «አንድ ጭረት ጫማ ነው፣ ሁለት ጭረት ኢንች። አምስት ጫማ ከሦስት። በኢንች ስድሳ ሦስት ይሆናል። የማን ቁመት ነው? ሙሽራ አገኘህ እንዴ?»

«ሙሽራ አይደለም፣ ባቡር ነው። ሜትርዎን ያውሱኝ።»

የልብስ ሰፊ ሜትር በአንድ ፊቱ ሳንቲሜትር፣ በሌላው ኢንች ነው። ፉል በዳቦ ገዝቼ ለጋሼ ሸምሱ ምሳ ብዬ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ገባሁ። ብረቱ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። አስር አለቃውን ለመንኩት። «ብትለካው ብትለካው ከዚህ አይወጣም፤ ይሁን ለካ» አለኝ። ጋሼ ሸምሱ ከእስር ክፍሉ እጁን አሾልኮ የሜትሩን አንድ ጫፍ በብረቱ ጆሮ ላይ ያዘልኝ። እኔ ሳብኩ። ሜትሩ ስድሳ ኢንች ላይ አለቀ! ጣቴን እዚያው አስቀምጬ ከመነሻው እንደገና ዘረጋሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከሌላኛው ጆሮ ጋር እንደ ተሰፋ ገጠመ። ስድሳ ሦስት ኢንች፤ በሜትር ሲሆን አንድ ሜትር ከስድሳ።

በእስር ክፍሉ መዝጊያ ፊት ዘለልኩ። ፊደሉን ሞርጄ አጥፍቻለሁ፤ ስፋቱን ግን የትኛውም ሞረድ አይነካውም!

የእኛን ሐዲድ ልለካ በተክለ ሃይማኖት ወርጄ፣ በቸርቸል ጎዳና አድርጌ ለገሀር ስደርስ ዝናቡ እስከ አጥንቴ ገብቷል። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ሐዲድ የሚያስተካክሉ ሰዎች አገኘሁ። ሳልጠይቅ ወርጄ ሜትሩን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ዘረጋሁት። አንድ ሜትር። ልክ አንድ ሜትር!

«እንዴ አቦ!» አሉኝ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ፤ ታደሰ የሚባሉ የድሬዳዋ ሰው ናቸው። «ለባቡሩ ሱሪ ልትሰፋለት ነው?»

ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። የራሳቸውን የሐዲድ መለኪያ ከትከሻቸው አወረዱ፤ ከኛው ጋር አንድ ዓይነት፣ ግን በጣም አጭር። «አንድ ከስድሳ? በዚያ ለክተን ሐዲድ ብናነጥፍ ባቡራችን ከዚህ ሳይነቃነቅ በሆዱ ይቀመጣል! ነገ ሥራ ላይ ነኝ፤ አርብ ጠዋት እመጣለሁ። ለራሴ ባቡር ክብር ስል እመጣለሁ አቦ።»

አርብ ጠዋት ጋሼ ታደሰ አጭሩን መለኪያ ተሸክመው መጡ። ሁለቱን ብረቶች በፖሊስ ጣቢያው ወለል ላይ ጎን ለጎን አስተኟቸው። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። አስር አለቃው ጎንበስ ብሎ ተመለከተ፤ ኮረሪማ ኮረሪማ የሚለውን ወረቀት አየ፤ ጆሮ ግንዱን አከከ። «የእኛ አይደለም። እሺ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ካልተሰረቀ ምልክቱን ለምን ሞረድከው?» አለና ወደ ጋሼ ሸምሱ ዞረ።

ያን ጊዜ ዝም ብል ነገሩ ያልፍ ነበር። ጋሼ ሸምሱ አንድ ሰበብ ይፈጥር ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣሁ።

«እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ይቀመጥ ብሎኝ ነበር።»

«ለምን?»

«እንዲያምር ብዬ።»

ጋሼ ታደሰ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አስር አለቃው ግን አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ «ሁለት ቀን ሰውዬው እዚህ ሲያድር ይህ ቃልህ የት ነበር?» አለኝ።  ከዚያ በሩን ከፈተ።

ውጭ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጋሼ ሸምሱ ብረቱን በትከሻዬ ላይ አስቀመጠው። «ውሰዳት፣ ያንተ ናት። ስሟን የበላህባት አንተ ነህ» አለኝ። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ «ሁለት ቀን መታሰሬ አልቆጨኝም ሙሌ። ዛሬ ባትናገር ኖሮ ግን ይቆጨኝ ነበር» አለ።

መዝገበ ቃላት የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው። አሥራ አንዱን ቅጠል ቃል በቃል ፈታሁ። መብራቶቹ የዘይት እንደነበሩና በጣሪያው ቀዳዳ ከላይ ይገቡ እንደነበር አወቅኩ። በብርድ ጊዜ በፈላ ውኃ የተሞላ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ከመንገደኛው እግር ሥር ይገፋ እንደነበር ሳነብ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። «አዬ ብልሃት!» አሉኝ። ከወረቀቱ ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ ልጄ ስልክ ተሻገርኩ። ያው የሐዲድ ስፋት በብራዚልና በአውስትራሊያም እንዳለ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ደግነቱ አስር አለቃውም አያውቅም ነበር። ጋሼ ሸምሱ አሁን በሕይወት የለም። ብዙ ሙያ አስተምሮኛል፤ ከሁሉ የበለጠውን ግን በዚያ መንገድ ላይ እየተራመደ ነው ያስተማረኝ።

ትዕግሥት እሑድ ዕለት ሳትነግረኝ የብረቱን ፎቶ ለእነዚያ ሽበታም ሰዎች ልካላቸው ኖሯል። ትናንት መለሱ። ደስታቸው ከጽሑፋቸው ያስታውቃል። በዚያ ስፋት የሚሠሩ ብዙ የአየርላንድ ባቡር ኩባንያዎች ስለነበሩ የዚህኛውን ባለቤት የሚለዩት በሳህኑ ፊደላት እንደሆነ ነግረውን፣ ፊደላቱን ጠየቁን። እኔ የማስታውሰው የመጨረሻው «አር» እንደነበር ብቻ ነው። ስመረምረው የሁሉም ኩባንያ ምሕጻረ ስም የሚያልቀው በዚያው ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ የባቡር ሐዲድ መጠሪያ የሆነው «ሬይልዌይ» የሚጀምረው በእሱ ነውና።

«አባዬ፣ ስናገኘው ፊደሉ ጠፍቶ ነበር ብዬ ልጻፍላቸው?» አለች ትዕግሥት። «ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። የጠፋውን ፊደል መመለስ አልችልም፤ ያጠፋው ማን እንደሆነ መናገር ግን እችላለሁ። እነዚያ ሰዎች አንድ ቀለም ለማግኘት ሦስት ቀለም በትዕግሥት የሚፍቁ ሰዎች ናቸው፤ ከእኔ የሐሰት ቀለም ሊደረብላቸው አይገባም።

«ጻፊ» አልኳት። «ፊደል ነበረው። ሦስት ነበሩ። እኔ ሞረድኳቸው።»