በሩ ወደ ምሥራቅ የዞረ ድንኳን

ጋራዡን ስከፍት ዛሬም የሰም ሽታ ይቀበለኛል። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ስሌድ፣ በበረዶ ላይ ዕቃ ከምንጎትትበት መንሸራተቻ ነው የሚመጣው። አባቴ ከሁለት አሮጌ ስኪዎችና ከተሰበረ የአልጋ ርብራብ ሠርቶ፣ በረዶው ላይ እንዲንሸራተት ሥሩን በጧፍ ቁራጭ ያሸው ነው።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረው ባሕር ማዶ፣ በአንድ በረዷማ ከተማ፣ አቢዴል የሚባል ሰፈር ነው። እናቴ የወንድሟን መርዶ ከሰማች ወዲህ ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከቤት አትወጣም። ስትስቅ ካየናት ወራት አልፈዋል። አባቴ ታዲያ አንድ ሐሳብ ያዘ፦ ጥምቀት እንዳለፈ በረዶ የጋገረ ሐይቅ ላይ ወጥቶ ዓሣ ሊያጠምድ፣ እሷንም ይዟት ሊሄድ። ድንኳኑን ከሰማያዊ ሸራና ከፕላስቲክ ቧንቧ ሠራነው። የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ስፌቱ እስከ ዛሬ አልተተረተረም።

«እመጣለሁ» አለች እናቴ ስንለምናት ከርመን፣ «በሩ ወደ ምሥራቅ ከሆነ።»

«ተራራው በምዕራብ ነው እኮ» አለ አባቴ። «ሰው ሁሉ ለእይታው ሲል በሩን ወደዚያ ነው የሚያዞረው። ዓሣ ላጠምድ ነው እንጂ ልቀድስ ነው እንዴ?»

«አንተ አጥምድ። እኔ ዳዊቴን እደግማለሁ።»

ሐይቁ ላይ ስንደርስ እያጉረመረመ በሩን ወደ ምሥራቅ አዞረው። ውስጡ ሰማያዊ ብርሃን ነበር፤ ከእግራችን ሥር በረዶው እንደ ባዶ ሆድ ይጮኻል። አባቴ በቆፈረው ቀዳዳ ላይ አቀርቅሮ ክሩን ይጠብቃል፣ እናቴ በሩ አጠገብ ዳዊቷን ይዛለች።

እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ከተራራው ወረደ። አጠገባችን ያጠምዱ የነበሩት ሽማግሌ ፈረንጅ ድንኳን ወደ ተራራው በዞረው በሩ ነፋስ ጠጥቶ ተነፋና ተነቅሎ ሄደ። የእኛ ግን ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሰውየውን ጠርተን አስገባናቸው፤ ሻይ ቀዳሁላቸው። እየተንቀጠቀጡ፣ በሩን ወደዚህ ማዞር ከየት እንደተማረ አባቴን ጠየቁት።

አባቴ ሐይቅ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር። ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «ኤክስፒሪየንስ» አለ፤ የዓመታት ልምድ ነው ማለቱ።

እናቴ ከዳዊቷ ቀና አለች። አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወርድ፣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባቴ ክሩን ለቆ እሷን ብቻ ያያል። ክሩ ሲሳብ እኔ ነኝ ያየሁት፤ ዓሣው ይሂድ ብዬ ተውኩት።

አሁንም በየዓመቱ ጥምቀት ሲያልፍ ልጄን ይዤ ያንኑ ስሌድ ወደ ሐይቁ እጎትታለሁ፤ የድንኳኑንም በር ወደ ምሥራቅ አዞራለሁ።

«ማሚ፣ ማውንተኑ እኮ ከኋላችን ነው» ትለኛለች ልጄ።

«ኤክስፒሪየንስ» እላታለሁ።

ከዚያ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ እቆማለሁ፤ የአባቴንና የእናቴን የክርስትና ስም በጸሎቴ አነሣለሁ።